የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአነስተኛ ማኅበራት ትርፍ ለምን ይቀንሳል?

የሩብ ዓመት ሒሳብን አስተውሎ ስለማንበብ፤ ከቢቸናና ከሞጣ አኳያ የቀረበ ወቅታዊ ትንታኔ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች የነዳጅ ማደያ ለከተማው ከተራ ሱቅ በላይ ትርጉም አለው። የእህል ወፍጮው፣ የመስኖ ፓምፑ፣ ጤፍ ጭኖ ወደ ማዕከላዊ ገበያ የሚወጣው የጭነት መኪና፣ ወላድን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ ሁሉ በዚያው ታንከር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እንዲህ ያለውን ማደያ ጥቂት ሰዎች ጥሪታቸውን አዋጥተው በሽርክና ሲያቋቁሙት፣ የማኅበሩ ሒሳብ የአባላቱ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ ከተማው ነዳጅ የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይም ይሆናል።

በእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም “የሩብ ዓመቱ ሽያጭ ካለፈው ዓመት በእጥፍ አድጓል ተብሎ ተነግሮናል፤ ታዲያ የትርፍ ድርሻችን የት ገባ?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሁልጊዜ በሥራ አስኪያጁ ጥፋት ወይም በተሰወረ ገንዘብ ላይ የሚያርፍ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የነዳጅ ችርቻሮ ንግድ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ባለፉት ዓመታት የተደረገው የዋጋ ማሻሻያ በአነስተኛ ማኅበራት ላይ ምን እንዳስከተለ፣ እንዲሁም አባላትና ተገልጋዮች ምን ሊጠይቁ እንደሚገባ ያብራራል።

ዋጋው የተጓዘበት መንገድ

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን የተጣራ ነዳጅ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። ግዥውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ሲሆን፣ ምርቱ በዋናነት በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በቦቴ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ውስጥ ይገባል። ከዚያም የነዳጅ ኩባንያዎች ለማደያዎች፣ ማደያዎችም ለተጠቃሚው ያቀርባሉ። ለምሥራቅ ጎጃም የሚላከው ጭነት ከማዕከል በሚመጣው ዋና መንገድ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። በዚህ ምክንያት የከተሞቹ የችርቻሮ ዋጋ የማጓጓዣውን ወጪ ስለሚጨምር ከአዲስ አበባው ይለያል።

መንግሥት ለረጅም ዓመታት የነዳጅን ዋጋ ሲደጉም ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል ከ120 የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ይህም የድጎማውን ሸክም እጅግ አከበደው። ስለዚህ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ ተለይቶ እንዲሰጥና ለሌላው ተጠቃሚ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ የሚያደርገው የታለመለት የነዳጅ ድጎማ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ የናፍጣ ደግሞ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ቀደም 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅ በዶላር የሚገዛ በመሆኑ ውጤቱ በማደያው ዋጋ ላይ መታየቱ አልቀረም። በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በአዲስ አበባ ቤንዚን በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ሆነ። ሦስት ወር ቆይቶ በታኅሣሥ መጨረሻ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው፤ ጭማሪውም በዚያ አላበቃም።

ሽያጭና ትርፍ አንድ አይደሉም

አንድ የጨርቅ ነጋዴ በመቶ ብር የገዛውን በመቶ ሃያ ብር ቢሸጥ ትርፉ ሃያ በመቶ ነው። የመግዣ ዋጋው ሁለት መቶ ብር ሲሆን ገበያው ከፈቀደለት በሁለት መቶ አርባ ብር ሸጦ ትርፉን እጥፍ ያደርጋል። የነዳጅ ማደያ ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። የማደያ የትርፍ ኅዳግ በመንግሥት የሚወሰን ሲሆን፣ የሚሰላውም ከዋጋው በመቶኛ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሊትር በተወሰነ የገንዘብ መጠን ነው። ኅዳጉ በየጊዜው ሊከለስ ይችላል፤ ከችርቻሮ ዋጋው ጋር ግን በራሱ አያድግም። የማደያ ገቢ የሚለካው በብር በተሸጠው መጠን ሳይሆን በሊትር በተሸጠው መጠን ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተገመቱ እንጂ የማንም ማኅበር ሒሳብ አይደሉም። አንድ ማኅበር በሩብ ዓመት 450 ሺህ ሊትር ናፍጣ ሸጠ፤ በሊትር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ኅዳግ አለው እንበል።

ዋጋው 49 ብር በነበረበት ሩብ ዓመት የማኅበሩ ሽያጭ 22 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ይሆናል። ጠቅላላ ኅዳጉ 675 ሺህ ብር ነው። ለደመወዝ፣ ለጥበቃ፣ ለኪራይ፣ ለጄኔሬተርና ለጥገና 420 ሺህ ብር ቢያወጣ፣ በእጁ የሚቀረው 255 ሺህ ብር ነው።

ዋጋው 99 ብር በሆነበት ሩብ ዓመት፣ ያንኑ ያህል ሊትር ቢሸጥ ሽያጩ 44 ሚሊዮን 550 ሺህ ብር ይሆናል። በስብሰባ ላይ ሲነበብ የሚያስደስት ቁጥር ነው። ነገር ግን ኅዳጉ ካልተከለሰ ጠቅላላ ገቢው ያው 675 ሺህ ብር ነው። በኑሮ ውድነቱ ምክንያት ወጪው ወደ 540 ሺህ ብር ከፍ ቢል የሚቀረው 135 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል። ሽያጩ በእጥፍ አድጎ ትርፉ በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

ሦስተኛውን ሁኔታ ደግሞ እንመልከት። በመንገድ ወይም በጭነት መዘግየት ምክንያት የደረሰው ነዳጅ 300 ሺህ ሊትር ብቻ ቢሆን፣ ሽያጩ በ99 ብር ሒሳብ 29 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ከመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሽያጭ በ7 ሚሊዮን 650 ሺህ ብር ይበልጣል። ኅዳጉ ግን 450 ሺህ ብር ነው፤ ወጪው 540 ሺህ ብር ከሆነ ማኅበሩ 90 ሺህ ብር ከስሯል። በሽያጭ ዕድገት የተደሰተ አባል በዚሁ ሩብ ዓመት ኪሳራ ላይ እንዳለ ላያውቅ ይችላል።

የመግዣ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ከትርፉ መቀነስ ይልቅ አነስተኛ ማኅበራትን ይበልጥ የሚፈትነው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። አንድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ናፍጣ ይጭናል ብንል፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የችርቻሮ ዋጋ ሲሰላ የጭነቱ ዋጋ 2 ሚሊዮን 205 ሺህ 900 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በነበረው ዋጋ ግን 4 ሚሊዮን 454 ሺህ 100 ብር ሆነ። ያው ቦቴ፣ ያው ታንከር፣ ያው ሊትር ሆኖ ማኅበሩ ተጨማሪ 2 ሚሊዮን 248 ሺህ 200 ብር ማግኘት ይኖርበታል።

አባላቱ በምሥረታ ጊዜ ያዋጡት ካፒታል የተሰላው በቀድሞው ዋጋ ከነበረ ይህን ልዩነት አይሸፍንም። ማኅበሩ ሁለት መንገድ ይቀረዋል፤ ወይ ተጨማሪ መዋጮ መጠየቅ፣ ወይ ከባንክ መበደር። ልዩነቱን በዓመት 16 በመቶ ወለድ ተበደረ ብንል የሩብ ዓመት ወለዱ 89 ሺህ 928 ብር ነው። ከላይ ካየነው የ135 ሺህ ብር ትርፍ ላይ ይህ ሲቀነስ የሚተርፈው 45 ሺህ 72 ብር ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ መንገድ የሚመስል፣ ነገር ግን መንገድ ያልሆነ ነገርም አለ። ይኸውም ለቀጣዩ ጭነት መግዣ የተቀመጠውን ጥሬ ገንዘብ “ትርፍ ነው” ብሎ መከፋፈል ነው። በባንክ ሒሳብ ውስጥ አራት ሚሊዮን ብር መታየቱ ማኅበሩ አራት ሚሊዮን ብር አተረፈ ማለት አይደለም፤ ነገ የሚታዘዘው ነዳጅ ዋጋ ነው። ይህ ገንዘብ ከተከፋፈለ ማደያው ጭነት ማዘዝ ያቅተዋል፤ የቧንቧው አፍ ይደርቃል፤ አርሶ አደሩና ሹፌሩም በጎን በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጥ ሕገ ወጥ ነዳጅ ጋር ይገናኛሉ። ሕጉ በሒሳብ ያልተረጋገጠን ትርፍ ማከፋፈልን የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዓይን የማይታየው ወጪ

ቤንዚን ይተንናል፤ ናፍጣ በማራገፍና በማስተላለፍ ጊዜ ይንጠባጠባል፤ ነዳጅ ሙቀት ሲያገኘው ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። የመሸጫ ማሽኑም በጊዜ ብዛት ልኬቱ ሊዛባ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የተረከቡት ሊትርና የተሸጠው ሊትር እንዳይገናኙ ያደርጋሉ።

በምሳሌያችን ማኅበር ላይ ከመቶ ግማሽ ብክነት ቢደርስና ማኅበሩ ራሱ ቢሸከመው፣ ከ450 ሺህ ሊትር 2 ሺህ 250 ሊትር ጠፋ ማለት ነው። ይህ በ49 ብር ሒሳብ 110 ሺህ 250 ብር፣ በ99 ብር ሒሳብ ግን 222 ሺህ 750 ብር ነው። በቀድሞው ዋጋ ማኅበሩ ብክነቱን ችሎ 144 ሺህ 750 ብር ያተርፍ ነበር። በአዲሱ ዋጋ ግን ወለድና ብክነት ሲቀነሱ 177 ሺህ 678 ብር ይከስራል። ቀድሞ ቸል ሊባል ይችል የነበረ የልኬት ጉድለት ዛሬ ማኅበሩን ሊያፈርስ የሚችል ሆኗል።

ስለዚህ ታንከሩን በየዕለቱ በመለኪያ ዘንግ መለካት፣ ቦቴው ሲራገፍ የተረከቡትን መጠን ከጭነት ሰነዱ ጋር ማመሳከር፣ የማሽኑን ልኬት በሚመለከተው አካል በወቅቱ ማስፈተሽ የሒሳብ ሥራው ዋና አካል ነው። ትክክለኛ ልኬት ገዢውን ከመጎዳት፣ ማኅበሩንም ከኪሳራ ይጠብቃል።

በዚህ ረገድ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል የነዳጅ ግብይት ለአነስተኛ ማኅበራት ያስገኘው ጥቅም አለ። በቴሌብርና በመሰል አማራጮች የተፈጸመ እያንዳንዱ ሽያጭ በቀን፣ በሊትርና በብር ተመዝግቦ ይቀመጣል። አንድ አባል የተረከቡትን ሊትር፣ በዲጂታል የተሸጠውን ሊትርና በታንከር የቀረውን አነጻጽሮ ጉድለቱን ራሱ ማስላት ይችላል። ቀድሞ በጥሬ ገንዘብና በእጅ በተጻፈ ደረሰኝ ላይ ብቻ ይመሠረት የነበረው ቁጥጥር አሁን ማስረጃ አግኝቷል።

ዋጋ የተለወጠበት ዕለት

በሩብ ዓመቱ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ከተደረገ ሒሳቡ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ዋጋው በተለወጠበት ዕለት በታንከሩ ውስጥ ስንት ሊትር እንደነበረ ተለክቶ፣ ተፈርሞበት በመዝገብ መስፈር አለበት። በዚያ ክምችት ላይ የሚታየውን የዋጋ ልዩነት በተመለከተም በወቅቱ የወጣው መመሪያ ሊከበር ይገባል።

የልዩነቱ አያያዝ ምንም ይሁን ምን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ የናፍጣ ዋጋ በሊትር በ8 ብር ከ70 ሳንቲም ጨምሯል። በ20 ሺህ ሊትር ክምችት ላይ ይህ 174 ሺህ ብር ይሆናል። ቁጥሩ ከአንድ ሩብ ዓመት መደበኛ ትርፍ ሊበልጥ ቢችልም በሥራ የተገኘ ትርፍ አይደለም፤ የሚቀጥለው ጭነት በአዲሱ ዋጋ ሲገዛ መልሶ የሚፈልገው ገንዘብ ነው። በመሆኑም ሪፖርቱ እንዲህ ያለውን ልዩነት ከመደበኛው ኅዳግ ለይቶ ማሳየት አለበት። ነዳጅ ደብቆ ዋጋ እስኪጨምር መጠበቅ ደግሞ በሕግ የሚያስጠይቅ ተግባር ነው።

የትኛው ሩብ ዓመት ከየትኛው ጋር ይነጻጸር?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል፤ በጎጃም ይህ የክረምትና የእርሻ ወቅት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ሁለተኛው ሩብ ዓመት አዝመራ ይሰበሰባል። ከጥር እስከ መጋቢት ጤፍና ስንዴ ወደ ገበያ ይወጣል፤ የመስኖ ፓምፖችም ይሠራሉ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው አራተኛው ሩብ ዓመት የማዳበሪያ ማጓጓዣና የእርሻ ዝግጅት ጊዜ ነው።

የነዳጅ ፍላጎት ይህን የወቅት ዑደት ይከተላል። ሦስተኛውን ሩብ ዓመት ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሮ “ሥራ አስኪያጁ ሽያጩን አሳደገ” ወይም “አወረደ” ማለት በጋንና ክረምትን እንደማነጻጸር ነው። ተገቢው ንጽጽር የዘንድሮውን ሩብ ዓመት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ዓመት ጋር፣ ያውም በብር ሳይሆን በሊትር ማድረግ ነው።

የማኅበሩ ዓይነትና የአባላቱ ኃላፊነት

ኪሳራ ሲመጣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ የሚወስነው የማኅበሩ ሕጋዊ አቋም ነው። በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት የኅብረት ሽርክና ማኅበር አባላት ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው፤ ይህም ማለት ባለገንዘቡ የማኅበሩ ሀብት ካልበቃው የአባላቱን የግል ንብረት ሊጠይቅ ይችላል። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ግን የአባሉ ኃላፊነት በመርሕ ደረጃ ካዋጣው መዋጮ አያልፍም።

ይሁንና ባንኮች ለአነስተኛ ማኅበራት ሲያበድሩ የአባላትን ቤት በመያዣነት ወይም የግል ዋስትናቸውን የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ “ኃላፊነቱ የተወሰነ” የሚለው ቃል ዋስትና የፈረመውን አባል አያድነውም። ለቦቴ መግዣ የሚሆን ብድር ላይ ከመፈረም በፊት ማኅበሩ ምን ያህል ሊትር በምን ያህል ቀን እንደሚሸጥና ወለዱን የሚሸፍን ኅዳግ እንዳለው በጽሑፍ መጠየቅ የአባሉ መብት ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ያለበት ግዴታም ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ ተስፋ

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በካሉብ የመጀመሪያው ምዕራፍ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመርቋል፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተገልጿል። ጋዙ በስፍራው መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖት ስለነበር ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ በቀጥታ በቤንዚንና በናፍጣ ታንከር የሚገባ ምርት አይደለም፤ የራሱ ማጓጓዣ፣ ማከማቻና ተሽከርካሪ ይፈልጋል። የአንድ ትንሽ ማኅበር የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሒሳብ በዚህ ተስፋ ላይ ሊመሠረት አይገባም። ወደፊት በጋዝ ሥርጭት ለመሠማራት የሚሹ ማኅበራት የዛሬውን ሒሳባቸውን ንጹሕ አድርገው መያዛቸው ግን ለዚያ ቀን የሚጠቅም ዝግጅት ነው።

አባላት በሩብ ዓመቱ ስብሰባ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን ለሕዝብ በየጊዜው የመግለጽ ግዴታ አለባቸው። አነስተኛ ማኅበራት እንዲህ ያለ ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ ዓመታዊውን ሒሳብ ብቻ መጠበቅ ጉድለትን ዘግይቶ ማወቅ ነው። በመሆኑም አባላት በየሦስት ወሩ የሚከተሉትን እንዲጠይቁ ይመከራል።

1. በሩብ ዓመቱ ስንት ሊትር ተረከብን? ስንት ሊትር ሸጥን? በታንከር ስንት ቀረ? ልዩነቱስ ስንት ነው?

2. በሊትር የተፈቀደልን ኅዳግ ስንት ነው? በሩብ ዓመቱ ውስጥ ተከልሷል?

3. ማደያው ነዳጅ አጥቶ የቆመባቸው ቀናት ስንት ናቸው? ምክንያታቸውስ?

4. ለቀጣዩ ጭነት የሚያስፈልገው ገንዘብ ስንት ነው? በእጃችን ያለውስ?

5. ዕዳችን፣ ወለዳችንና በዱቤ የሸጥነው ስንት ነው? ዱቤውን ያልመለሰው ማን ነው?

6. ያልተከፈለ ግብር አለ? የንግድ ትርፍ ግብር በድርጅት ላይ 30 በመቶ መሆኑ ታስቦ መጠባበቂያው ተቀንሷል?

7. ከዋጋ ማስተካከያ የመጣው ልዩነት ከመደበኛው ገቢ ተለይቶ ተመዝግቧል?

እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች የሚመልስ ሪፖርት በሁለት ገጽ ሊጠናቀቅ ይችላል። መልሱን መስጠት ያልቻለ ሥራ አስኪያጅ ካለ፣ የሽያጩ ቁጥር የቱንም ያህል ቢያምር አባላቱ የሒሳብ ምርመራ እንዲደረግ ሊጠይቁ ይገባል።

ተገልጋዮችም ድርሻ አላቸው። ነዳጅ ሲቀዱ ማሽኑ ከዜሮ መጀመሩን ያረጋግጡ፤ ክፍያዎን በዲጂታል መንገድ ይፈጽሙ፤ የተከፈለበትን ማረጋገጫ ይያዙ። ከተተመነው ዋጋ በላይ ሲጠየቁ፣ የልኬት ጉድለት ሲጠረጥሩ ወይም ነዳጅ እያለ “አልቋል” ሲባሉ በአቅራቢያዎ ለሚገኘው የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ቀኑን፣ ሰዓቱንና የማደያውን ስም ጠቅሰው ያመልክቱ።

የነዳጅ ዋጋ የሚወሰነው ከቢቸናና ከሞጣ ርቆ በሚገኝ ገበያ ነው፤ ይህን የአንድ ማኅበር አባላት ሊለውጡት አይችሉም። የተረከቡትን ሊትር መቁጠር፣ የመግዣውን ገንዘብ ከትርፉ መለየትና ሒሳቡን በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ ማየት ግን በእጃቸው ነው። በዋጋ ንረት ጊዜ ማደያው ክፍት ሆኖ የሚቆየው ይህ ሥራ በወቅቱ ሲሠራ ነው።